የሚያጠቁር መድኃኒት

ፊቴን ያጠቆረው በሽታው አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር በልቤ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኳት አላህ ያውቃል፤ ጮክ ብዬ ግን ለማንም አልተናገርኳትም። ለመናገር መጀመሪያ የበሽታውን ስም መጥራት ያስፈልግ ነበራ! ያ ስም ደግሞ በእኛ አገር ሰው ሲሰዳደብ እንጂ ሲጨዋወት አይጠራም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ ትልቁ ድርቅ ካለፈ ብዙም አልቆየም። ሐይቅ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። አገሬ አምባሰል ነው፣ ከዳገቱ ላይ። አባቴ ከሞተ፣ በሬዎቹም በድርቁ ካለቁ በኋላ እናቴን ከዳገቱ አወረድኳትና ከገበያው ጀርባ በተከራየሁት ባለ አንድ ክፍል ቤት አብረን መኖር ጀመርን። ወንድም እህት የለኝም። እኔና እሷ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት አልጋ፤ ቤታችን ያ ነበር።

እናቴ ፆመኛ ነበረች። ሰኞና ሐሙስ የሱና ፆም ትፆማለች። በሌላውም ቀን ማዕድ ታቀርብልኝና "ቅድም ቀምሻለሁ ልጄ፣ አንተ ብላ" ብላ ሙስበሃዋን፣ የዱአ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ በሩ ሥር ትቀመጣለች። የሰፈር ሴቶች "እናትህኮ የጀነት ሰው ናቸው" ይሉኛል። ድስት ከእሳት ላይ በባዶ እጇ ስታወርድ ሲያዩም "የአምባሰል ሴት!" እያሉ ያደንቋታል። እኔም እኮራባት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም። ትንሽ ልጅ ሆኜ ከገበታ ሸሽቼ ጥግ ይዤ ስበላ ካገኘችኝ "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እያለች ጎትታ የምትመልሰኝ እሷው ነበረች። አሁን ደግሞ ብቻዬን እንድበላ የምታደርገኝ እሷው ሆነች።

የበሽታዬን ነገር ያወቅሁት በሻይ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በየቀኑ ምሳ እንበላለን። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ቀልደኛ፣ ከፊቴ ያለውን ድንች ሳይቀር እየጠረገ የሚወስድ ዓይነት ጓደኛ። አንድ ቀን አሳላፊዋ ተደናቅፋ የፈላ ሻይ ክንዴ ላይ ደፋችብኝ። እሱ ዘሎ ተነሣ፤ እኔ አልተነሣሁም።

"አንተ ሰው፣ ከብረት ነው እንዴ የተሠራኸው?" አለኝ። ሳቅን።

ቤቴ ገብቼ እጅጌዬን ስሰበስብ ክንዴ ውኃ ቋጥሯል። የቋጠረውም ለዓመታት ቋቁቻ ነው ብዬ በናቅሁት ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ነው። በመርፌ ወጋ አደረግሁት፤ ምንም። ጠለቅ አድርጌ ወጋሁት፤ ደም መጣ፣ ሕመም አልመጣም። ያን ጊዜ ፈራሁ። በእኛ አገር ሥጋው የደነዘዘ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ተቀምጦ ይታያል።

ደሴ ሄድኩ፤ ደሴ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ላከኝ። እዚያ የተቀበለኝ ጤና ረዳት ነው፤ ሰው ሁሉ "ሐኪም" ስለሚለው እኔም ሐኪም እለዋለሁ። የሐይቅ ዳር ልጅ ነው፣ ከክርስቲያን ቤተሰብ፤ በየወሩ መድኃኒት ይዞ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ የሚወርደውም እሱ ነበር። የጆሮዬን ጫፍ በምላጭ ጭሮ የወጣውን በመስታወት ላይ ቀባ፤ ቀለም አፈሰሰበት፣ አጠበው፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ "መምህር፣ ና እያቸው" አለኝ።

በሰማያዊ መደብ ላይ ቀያይ ቀጫጭን እንጨቶች፤ ከቀፎው የተደፋ ክብሪት ይመስላሉ። አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል።

"የኔ ናቸው?"

"ያንተው ናቸው። ኪራይ ሳይከፍሉ ቤት ሠርተው ተቀምጠዋል።"

ማልቀስም መሳቅም አቃተኝ። እሱ ግን በርጩማውን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና፣ እኔ ክፍል ውስጥ ለተማሪ እንደማስረዳው፣ ከሥሩ ጀምሮ አስረዳኝ። ድሮ ለዚህ በሽታ የነበረው አንዲት ነጭ ኪኒን ናት፤ ዕድሜ ልክ ትዋጣለች። ውሎ አድሮ ግን ጀርሙ ተላመዳት፤ እየዋጡ የሚብስባቸው ሰዎች መጡ። ጀርሙ መድኃኒቱን መላመዱን በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ራሱ አሳር ነበር፤ ይህ ጀርም እንደ ሌላው በመስታወት ሳህን አይራባምና። ተመራማሪዎቹ ብዙ ደክመው በመጨረሻ በአይጥ መዳፍ ውስጥ አራቡት።

"በአይጥ?" አልኩት።

"በኋላ እግሯ መዳፍ። የአንተ እግር እንዳይቆረጥ ስንት አይጥ እግሯን እንደሰጠች ብታውቅ ድመት አታሳድግም ነበር።"

መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ መጀመሪያ በአይጦቹ፣ ኋላም በሰው ሞከሩ። በመጨረሻ ሦስቱን ባንድ ላይ መስጠት ጀመሩ፤ አንዱን ቢላመድ ሁለቱ እንዲጠብቁት። ከሦስቱ አንደኛው ከቀለም ዘር የተሠራ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለሳንባ በሽታ ነበር፤ እዚያ አልተሳካለትም። "ሥራ ፈት ሆኖ የተቀመጠ ነበር፤ በእኛ በሽታ ላይ ሲሞክሩት ሥራ ተገኘለት" አለኝ። ዕድሜ ልክ የነበረው ሕክምና ሁለት ዓመት ሆነ፤ ሲያበቃም ሰውየው ድኗል።

"አሁን ሦስት ነገር ልንገርህ" አለ። "ሽንትህ ቀይ ይሆናል፤ አትደንግጥ። ቆዳህ ይጠቁራል፤ ደንግጥ፣ ግን እንዳታቋርጥ። ሲያልቅ ቀስ ብሎ ይለቅሃል። ሦስተኛው፣ ከዚህች ቀይ ካፕሱል በኋላ በሽታው ካንተ ወደ ሰው አይሄድም። ከፈለግኸው ጋር ቁጭ ብለህ ብላ።"

ካፕሱሏን እዚያው ፊቱ ዋጥኳት። ደንቡ ነው፤ በየወሩ አንድ ጊዜ የሚሰጠው እሱ እያየ ይዋጣል፤ የቀረው እየተቋጠረ ወደ ቤት ይሄዳል። ስወጣ "አብሮህ የሚኖር ማን አለ?" አለኝ። እናቴ ብቻ እንደሆነች ነገርኩት። "አምጣት፤ አብሮ የሚኖር ሁሉ መታየት አለበት" አለኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። ለእሷ ብቻ። ሙስበሃው ከእጇ ወደቀ። አጎንብሳ አነሣችውና "አብሽር ልጄ፣ አላህ ያመጣውን አላህ ይመልሰዋል" አለች። ሐኪሙ ሊያያት እንደሚፈልግ ስነግራት ግን ድምፅዋ ተለወጠ።

"እኔ ደህና ነኝ። እኔን ሐኪም አያየኝም፤ ወላሂ አልሄድም።"

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፆሟ በረታ። ሰኞና ሐሙስ የነበረው ማክሰኞም ረቡዕም ሆነ። ማዕዱን ስታቀርብ እንደ ወትሮው አጠገቤ ጎንበስ አትልም፤ ታስቀምጠውና ወደ በሩ ትሸሻለች። እኔ ምን ልበል? ሐኪሙ አይተላለፍም ብሎኛል፤ እኔም ነግሬያታለሁ። ይኸው እናቴም ተጸየፈችኝ አልኩ። ከሌላ ሰው ቢሆን እችለው ነበር።

ቆዳዬ መጀመሪያ ቀላ፤ ፀሐይ የመታኝ ይመስላል። ከዚያ ከወር ወር እየጠቆረ ሄደ፤ ግንባሬና ጉንጬ እንደ ምጣድ ላይ ገብስ ተቆላ። ጠመኔ ስይዝ እጄ ከሰሌዳው አይለይም። ርዕሰ መምህሩ "ጓድ፣ ጉበትህን ታይ" አለኝ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ጠላት መድኃኒት አዙሮበት ነው አለ። በሽታው ውስጤ ሲራባ መልኬ ሸጋ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጉንጬን ይስመኝ ነበር። በሽታው ሲሞት ጊዜ ሰው ራቀኝ። ይህንን ለማን ይነግሩታል?

ባልደረባዬ ለጥቂት ጊዜ አብሮኝ በላ። ከዚያ "ሆዴን ነካ አድርጎኛል" እያለ ለብቻው በሳህን ማዘዝ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠናል፤ ሊቀመንበሩ ስለ አድሃሪዎች ይናገራል። "ጓዶች፣ አድሃሪን አድሃሪ ማለት አለብን!" አለና ጠረጴዛውን መታ። "ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ አለመሳቅ ያስጠይቃል። ባልደረባዬ ግን ሳቁን ጀምሮ መሃል ላይ ዋጠውና ጫማውን ማየት ጀመረ። እንዳወቀ ያን ጊዜ ገባኝ። በማግስቱ ሻይ ቤቱ አልሄድኩም፤ እሱም ለምን ቀረህ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ምሳዬን ዳቦ በኪሴ ይዤ ሐይቁ ዳር መብላት ለመድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ በታንኳ ላይ ሆነው ከሩቅ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፤ ከሩቅ መልክ አይለይም። አንዳንድ ቀን ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደወል ይሰማል፤ ከከተማው ደግሞ አዛን ይመጣል፤ ሁለቱ ውኃው ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ሰው ወደ ሰው ይጠራሉ። እኔ ዳቦዬን ግማሹን ለወፎቹ ጥዬ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሐኪሙ ወደ ሆስፒታሉ ጠርቶኝ እንደገና ጆሮዬን ጫረ። እንደገና "ና እያቸው" አለኝ። ሰማያዊው መደብ ያው ነው፤ እንጨቶቹ ግን የሉም። እዚህም እዚያም የተበተነ ቀይ ብናኝ ብቻ።

"ተሰባብረዋል" አለኝ ትከሻዬን ይዞ። "ይኼ ሬሳቸው ነው። ሰውነትህ ቀስ እያለ ይጠርገዋል።"

ከዚያ ክፍል ስወጣ ደስታ አንገቴ ላይ ደርሷል፤ የምነግረው ሰው ግን የለም። መዳኔ የሚታየው በዚያች መነጽር ውስጥ ብቻ ነው፤ ማይክሮስኮፑን ተሸክሜ በሐይቅ ገበያ አልዞር! ፊቴን የሚያይ ሰው የሚያየው ተቃራኒውን ነው። አውቶቡስ ውስጥ ያለችው ሴት እንኳ ነጠላዋን ሰብስባ ሌላ ወንበር ፈለገች።

ቤት እንደገባሁ "ሞተዋል እማዬ! በዓይኔ አየኋቸው" አልኳት።

"አልሃምዱሊላህ!" ብላ መሬቱን ሳመች፤ አለቀሰች፣ ዱአ አደረገች። ከዚያ ማዕድ አቀረበችልኝ። አንድ እጅ የሚበላበት ማዕድ። ሙስበሃዋን ይዛ በሩ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ጀርሙ ሞቶም ካልበላች፣ እንግዲህ የጠላችው ጀርሙን ሳይሆን እኔን ነው ማለት ነው አልኩ። ያን ቀን እንጀራውን ሳልጨርስ ትሪውን ገፋሁት።

ረመዳን ገባ። የወሩ መድኃኒት ቀን ረመዳን ውስጥ ዋለ። ሐኪሙ ሕመምተኛ ፆም ቢገድፍ ሃይማኖቱ ይፈቅድለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ይፈቅዳል፤ ግን ጤና ጣቢያው በር ላይ በቀትር ውኃ ስጠጣ የሚያየኝ ሰው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። ይህን ስነግረው "እንግዲያ ፀሐይ ስትገባ፣ መግሪብ ላይ ቤትህ እመጣለሁ፤ ስታፈጥር ትውጣታለህ" አለኝ።

መጣም። እናቴ ክርስቲያን እንግዳ እንደሚመጣ ስለነገርኳት ሥጋ አልሠራችም፤ ሥጋ መሃላችን እንዳይገባ ሽሮ ሠራች። ረመዳን ለእሷ ክፉ ወር ነበር፤ ሁሉም የሚፆምበት፣ ሁሉም ባንድ ሰዓት የሚበላበት ወር፤ "ፆመኛ ነኝ" አያዋጣም። መላዋ አዛን ሲል በውኃ ታፈጥርና እኔ በልቼ እስክጨርስ ሶላት ላይ መቆየት ነበር።

አዛን አለ። ካፕሱሏን በውኃ ዋጥኳት። ሐኪሙ መዋጤን አየና እጁን ታጥቦ እኔ ከምበላበት ትሪ ላይ ቆርሶ አጠቀሰ። እንደዋዛ ነው ያደረገው። ስንት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ የቆረሰ ሰው አልነበረም፤ ያሳለኝ አስመስዬ ዞር አልኩ።

እናቴ ሶላቷን ጨርሳ ወጥ ልትጨምርልን ተነሣች። እሳቱ ላይ የሚንተከተከውን ድስት በሁለት ባዶ እጇ ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ እኛ መጣች። ሐኪሙ ማኘኩን አቆመ።

"እናቴ፣ አያቃጥልዎትም?"

"ለምጄዋለሁ ልጄ።"

"እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።"

ድስቱን አስቀምጣ እጇን ሻሿ ሥር ደበቀች። "የእኔ እጅ ምን ያደርግልሃል፣ ብላ ይልቅ" አለች። እሱ አልተቆጣም፣ አልተጫናትም። ከቦርሳው ጥጥ አወጣ፤ ጫፉን በጣቱ አሹሎ "አይጨነቁ፣ ዓይንዎን ብቻ ይጨፍኑልኝ፤ ስነካዎ 'ነካኸኝ' ይበሉኝ" አላት። ብዙ ካንገራገረች በኋላ እጇን ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጠፍ ብለዋል፤ እኔ የዳገት ሥራ ያመጣው ይመስለኝ ነበር።

ጥጡ አውራ ጣቷን ነካ። መዳፏን ነካ። በእጇ ጀርባ ላይ ወደ ክርኗ ሄደ፣ ተመለሰ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ጥጡ እጇ ላይ እየሄደ እሷ ገና ትጠብቃለች።

"አልጀመርክም?" አለች።

እኔ ከትሪው ላይ ተነሣሁ። ስነሣ ስትሰማ ዓይኗን ገለጠችና ጥጡ የት እንዳለ አየች። ሐኪም በአንድ ማታ ያየውን፣ ከዓመታት ጀምሮ አብሬያት የምኖረው እኔ አላየሁም። እሱ ጥጡን ከእጇ ላይ ሳያነሣ ይጠብቃታል።

"አባትህ ሳይሞት ነው የጀመረኝ" አለች፣ እሱን ሳይሆን እኔን እያየች። "ለማን ልንገር? ብናገር ካገር ያስወጡናል። ለዚያ ነው ከገበታህ የሸሸሁት። ከእጄ እንዳይሄድብህ ብዬ ነው። ያን ሁሉ የፆምኩት... ሰው ሲያመሰግነኝ አላህን እፈራ ነበር። ከዚያ መጣህና አሞኛል አልከኝ። ያን ሁሉ ፆሜም አልተረፍክልኝ።"

"የተጸየፍሽኝ መስሎኝ ነበር" አልኳት።

"አንተን?" አለች። "አንተን?"

ሐኪሙ በማግስቱ መግሪብ ላይ ተመልሶ መጣ፣ የእሷን መድኃኒት ይዞ። ሽንቷ እንደሚቀላ፣ ፊቷ እንደሚጠቁር ነገራት። "ፊቴን ማን ያየዋል፤ እሱን ልምሰል" አለች በእጇ እያሳየችኝ። ጣቶቿ እንደማይመለሱ፣ የታጠፈው እንደታጠፈ እንደሚቀር ሳይደብቅ ነገራት። አዛን ሲል ካፕሱሏን በውኃ ዋጠች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ ከእኔ ጋር መብላት የምትችለው መቼ እንደሆነ።

"ዛሬውኑ" አላት። ከዚያ "ሰው ይጠብቀኛል" ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ሁለታችን ቀረን። እጇን ታጠበች፤ ብዙ ታጠበች። ትሪው አጠገብ ስትቀመጥ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከዚያ እንጀራውን በእነዚያ በታጠፉ ጣቶቿ ቆራረሰችው፣ ከድስቱ ሽሮውን ገለበጠችበት፣ መፈትፈት ጀመረች። ያ የቀበሌ ሊቀመንበር በተረቱ የፈራው ይህንን ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው የሳቀው በዚህ ነበር።

ጠቅልላ አነሣችና መሃል መንገድ ላይ እጇ ቆመ። ፊቴን ታየዋለች፤ እሺ ይለኝ ይሆን እያለች ነው። አፌን ከፈትኩ። ሽሮው የፈላ ነበር፤ እጇ አልነገራትም። ምላሴን ላጠው፤ ዋጥኩት፣ ድገሚኝ አልኳት።